ተበዳይ የሌለበት እርቅ

ውሃ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበረ። ትንሽ መሬትና አንድ በሬ ነበረው፤ ሲያርስ ከጎረቤት በሬ እያቀናጀ ነበር። አይዋሽም፣ አይሰክርም፣ ሰው ፊት መለማመጥም አያውቅበትም።

አንዳርጌ፣ አታቋርጠኝ። «የኔታ፣ በተከለለው ውሃ መረብ የሚጥለው በየሳምንቱ ይያዛል፣ በየሳምንቱም ይለቀቃል፤ ሕጉን ማን ገደለው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ስትጠይቀኝ እጅህን ወደ ወረዳው እያወራጨህ ነበር። እጅህን ሰብስብና ስማኝ፤ የምነግርህ ስለዚያ ነው።

የሰውየው አገር ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቁ አንድ ቦታ ላይ ወደ ምድር ገባ ይላል፤ እዚያ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ለብ ያለ ነው፣ ዙሪያውን ደንገል ከቦታል። አገሬው ስሙን «እልፍኝ» ብሎ አውጥቶለታል። ክረምት ሲገባ ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ የምትራባው እዚያ ነው። አንተም የሐይቅ ልጅ ነህና የቆሮሶን ነገር ታውቀዋለህ፤ እንቁላሏን የምትይዘው በአፏ ነው። ተፈልፍለው ከወጡም በኋላ ጫጩቶቿ አንድ ነገር ሲያስደነግጣቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። እስኪጠነክሩላት ድረስ እሷ ምንም አትቀምስም። በዚያን ጊዜ መረብ ያወጣት እንደሆነ አብረዋት የሚወጡት ልጆቿ ናቸው። ያ አገር ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። አላወቅንም ነበር የሚል ሰው እዚያ አልነበረም፤ ይህን ልብ በልልኝ።

ዓሣው እየሳሳ ሲሄድ ሰዉ ደነገጠና በገበያው ሜዳ ተሰበሰበ። ከሰኔ እስከ መስከረም እልፍኝ ውስጥ መረብ የጣለ ሰው መረቡ በገበያ ቀን ይቃጠላል፣ እሱም ለፍርድ ይቀርባል፣ ዓመት ሙሉ ሐይቁ ላይ ታንኳ አያወጣም ብለው ተስማሙ። ወረዳው ማኅተሙን መታበት። «ማጥመድ ክልክል ነው» የሚል ቀይ ታፔላ ከእልፍኙ አፍ ላይ ተተከለ። ሽማግሌዎቹ «ይህን ያፈረሰ አይባረክ» አሉ፤ ሰዉም አሜን አለ። ያን ሰው ጠባቂ አድርገው ሾሙት፤ አንድ ታንኳና አንድ ፊሽካ ሰጡት። እሱም «ወንድሜም ቢሆን አልምርም» ብሎ በሁሉም ፊት ማለ። ያን ዕለት እልልታው ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማ ነበር ይባላል።

መጀመሪያ የተያዘው አንድ ድኻ ነው። ጠባቂው መረቡን ቀምቶ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ እስኪቃጠል ድረስ ቤቱ አስቀመጠው። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ አባቶቼ፣ ምነው ውጭ?» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይሞላ አንገባም።»

«ምንድን ነው ጉዳያችሁ?»

«ያ ልጅ አጥፍቷል። አፉ በለው።»

«እኔን ምን በደለኝና ነው አፉ የምለው? ይሄ የሕግ ነገር ነው።»

«የያዝከው አንተ ነህ፤ የምትለቀውም አንተ ነህ። እኛ የምናውቀው አንተን ነው» አሉት።

ፀሐዩ ከረር አለ። ሽማግሌዎቹ ንቅንቅ አላሉም። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አደረገ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ያዩ ጀመር። የጠባቂው ሚስት ከጓዳ ወጣችና ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ሽበት ደጅህ በፀሐይ ሲጠበስ ዝም ብለህ ታያለህ? ልጃችን ታጭታለች፤ ለሠርጓ ማን ሊቆምላት ነው? ማን ሊመርቃት ነው?»

እሷ ምን ታድርግ? የተናገረችው እውነት ነው። ጠባቂው ወደ ደጁ ተመለሰና «ስለ ሽበታችሁ ምሬዋለሁ» አለ። ድንጋዩ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ «ክፉ አይንካህ፣ ቤትህ ይሙላ» ብለው መረቁት። መረቡ ለባለቤቱ ተመለሰ። ሰኞ ዕለት ያ ድኻ ለሦስቱም ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ዓሣ አደለ። ዓሣው ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም፤ ተጠብሶ ተበላ።

ሁለተኛው በሳምንቱ ተያዘ። ጠባቂው አሁንስ አልሰማም ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን «ያንን ምረህ ይሄን ልትቀጣ? ሰው ልትለይ ነው?» አሉት። ይሄኛውንም ለቀቀው። ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ተጠቀሱ። «እንግዲህ የመጨረሻ ነው» ሲላቸው እነሱም «እንዴታ፣ የመጨረሻ ነው» ይሉታል፤ ከልባቸው ነበር የሚሉት። በሳምንቱ ግን ያው ድንጋይ፣ ያው ማጅራት ነው። ድንጋዩን እንኳ አልቀየሩትም፤ ከአጥሩ ሥር አስቀምጠውት ነበር የሚሄዱት።

እያደረ ነገሩ ወግ ሆነ። እልፍኝ ሊገባ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሽማግሌዎቹን ያነጋግር ጀመር። «አባባ፣ ነገ ልገባ ነውና ከሰፈር አይራቁብኝ» ይላል። ሽማግሌውም «እግዜር ይርዳህ፤ እኔ ማክሰኞ ልቅሶ ስላለብኝ ረቡዕ አድርገው» ይሉታል። አትሳቅ! እኔ አልሳቅሁም። ሰዎቹ እርጥብ መረባቸውን የሚያሰጡት በዚያ ቀይ ታፔላ ላይ ነበር፤ ለማስጫ ይመቻል፣ ከፍ ያለ ነው።

ጠባቂው ተናደደና ወረዳ ሄደ። ሹሙ በደህና ተቀበለው፤ ወንበር ሰጠው።

«ሕጉ የናንተ ማኅተም አለበት፤ እኔ ብቻዬን አልቻልኩም። ፖሊስ ስጡኝ፣ የያዝኩትንም ተረከቡኝ» አለው።

«ምስክር አለህ?» አለ ሹሙ።

«ሽማግሌዎቹ ሁሉን ያውቃሉ።»

«ይመሰክራሉ?»

ጠባቂው ለመሄድ ከወንበሩ ተነሣ።

«ተመልከት ወንድሜ» አለ ሹሙ፣ «እናንተ አገር ሰላም ነው። የተጣላው ሁሉ በእርቅ ያልቃል። እኛ ደግሞ እርቅ የወረደበትን ነገር መልሰን አንቆሰቁስም። አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

በዚያው ዓመት ሹሙ ለበላዮቹ በወረዳው በሕገወጥ ማጥመድ የታሰረ አንድም ሰው የለም ብሎ ነገራቸው። እውነቱን ነው፣ አንድም ሰው አልታሰረም። በስብሰባ ላይ አስነሥተው አጨበጨቡለት፤ የምስጋና ወረቀትም ሰጡት፤ ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ቢሮው ሰቀለው።

አንድ ሀብታም ደግሞ ነበረ። ይህ ሰው የሞተር ጀልባ አለው። መረቡ ከውጭ የመጣ ነው፤ ዓይኑ ከመጥበቡ የተነሣ የሕፃን ጣት አያሳልፍም። ክረምቱ በጠነከረበት በሐምሌ እልፍኝ ገብቶ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋው። ጠባቂው በታንኳ ቀዘፈና መረቡ እየተጎተተ ሳለ ደረሰበት። ሀብታሙ አልሸሸም፤ ለምን ይሸሻል? «ደግ አደረግህ መጣህ፣ መረቡ ከብዶናል፣ ያዝልን» አለው። ጠባቂው ዓሣውንም መረቡንም ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። የዚያን ቀን ፊቱን ያዩ ሰዎች ቤቱ ሰው የሞተበት መስሏቸው ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሰባት ሆነው መጡ። ለሀብታም ሦስት አይበቃም። ሀብታሙ ራሱም መጥቷል፤ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ትልቁ ሽማግሌ ድንጋዩን ከአጥሩ ሥር ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ጠባቂው ያዘው።

«አይሸከሙ አባቴ። እሺ ብያለሁ።»

ሁሉም ተገረሙ። ሚስቱ ከበሩ ሆና እፎይ አለች።

«እሺ ብያለሁ» አለ ጠባቂው። «እርቅ አልጠላም። እርቅ እንዴት እንደሚወርድ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በዳይ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። ተበዳይ ከፈለገ ይካሳል፣ ከፈለገ ይምራል። በዳዩ ያውላችሁ፣ ቆሎውን እየበላ ነው። እኔ ተበዳዩን ላምጣላችሁ።»

ገባና ሳፋ ይዞ ወጣ። ሳፋውን እግራቸው ሥር አስቀመጠው። ውስጡ ያለችው አንዲት ትልቅ ቆሮሶ ናት። አፏን በጣቱ ከፈተው፤ ጫጩቶቿ ምስር ምስር እያከሉ ወደቁ። ሁሉም ሞተዋል።

«የተበደለችው ይቺ ናት» አለ። «እስከ ዛሬ እኔን ስትለምኑ ኖራችኋል፤ እኔን ግን ማንም ምንም አላደረገኝም። የሷን በደል እኔ ይቅር ማለት አልችልም። ለምኗት። አፉ ካለች መረቡን አሁኑኑ አውጥቼ እሰጣችኋለሁ።»

ከሰባቱ አንዱ ወደ ሳፋው ጎንበስ ብሎ አየና ቆቡን አወለቀ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ሊናገር ነበር። አንዳርጌ፣ ያ ሰው «እውነቱን ነው» ቢል ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ናት! ይህን ታሪክ ሳስታውስ ከሀብታሙ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ትልቁ ሽማግሌ ግን ከዘራውን መሬት ላይ ወቃና ቀደመው።

«እኛን? እኛን ነው ዓሣ ለምኑ የምትለው? ሽበታችንን ከዓሣ እኩል አደረግኸው?»

ያኛው ቆቡን መልሶ አጠለቀ። ሰባቱም ዞረው ሄዱ።

አሁን ደህና አድርገህ ስማኝ። ያ አገር መቅጣት አይችልም ብለህ እንደሆነ ተሳስተሃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸንጎ ተቀምጠው ጨረሱ። ምስክር ያለ የለም፤ ወረዳ እንሂድ ያለም የለም። ጠባቂው ሽማግሌ አዋርዷል ተብሎ ከእድር ወጣ። ማንም እሳት እንዳይጭርለት፣ ከብቱን ከከብቱ እንዳያውልለት፣ በሬም እንዳያቀናጀው ተባለ። ታንኳውና ፊሽካው ተወሰዱ። መረቡን ሰባቱ ራሳቸው ከቤቱ አውጥተው ለሀብታሙ መለሱለት፤ እሱም በግ አረደላቸው። የጠባቂውን ልጅ ያጩት ቤተሰቦች «ከተገለለ ሰው አንዛመድም» ብለው ቃላቸውን አነሡ። ይህን ሁሉ ያስፈጸመ ፖሊስ የለም። አንድም ሰው ግን ፍርዱን አልጣሰም፣ አንድ ፍም እንኳ የሰጠው ጎረቤት አልነበረም። ጽናት ማለት ያ ነው! ከዚያች ጽናት ጥቂቷን ለእልፍኙ ቢያውሏት ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራልህም ነበር።

ጠባቂው አንድ ወር ያህል ታገሠ። ማሳው ጦም አደረ። ልጁ ከቤት መውጣት ትታ ነበር፤ እሱን ያሸነፈው የሷ ነገር ነው እንጂ ረሀቡ አይደለም። አንድ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ያን ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ወደ ትልቁ ሽማግሌ ደጅ ሄደ። ቆመ። እስከ ቀትር አቆሙት። ከዚያ ሰባቱ ተሰበሰቡና «ጥፋትህን በአፍህ ተናገር» አሉት፤ ሥርዓቱን አልረሱትም።

«ዓሣ አሳየኋችሁ» አለ። «አጥፍቻለሁ።»

ማሩት። ምን ይደረግ፣ ምሕረት አይነጥፍባቸውም። ድንጋዩን ከላዩ አውርደው መረቁት። እሱ ግን እድሩ ከመለሰው በኋላ ብዙም አልቆየ፤ በሬውን ሸጠና ልጁንና ሚስቱን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። ሽንኩርት እያለማ ይኖራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወደ ሐይቅ ዳር ዳግመኛ አልመጣም። ልጅቱ ስላገባችና ስላላገባች የነገረኝ የለም።

ሌላ ጠባቂ ተሾመ፤ እሱ ብልህ ነበርና ፊሽካውን ከኪሱ አላወጣውም። ጥቂት ክረምቶች አለፉ። መረቡ ሲወጣ ሣርና ጭቃ ብቻ ሆነ። ሀብታሙ ጀልባውን ሸጦ ከተማ ወፍጮ ቤት ከፈተ፤ እሱ ምን ቸገረው። መጀመሪያ የተያዘው ድኻ፣ ያ ሦስት ሽማግሌዎች የለመኑለት፣ መረቡን ለአጥር ማሰሪያ ቆራርጦት የቀን ሥራ ፍለጋ ተሰደደ። ያን ቀን መረቡ ቢቃጠልበት አንድ ዓመት ይራብ ነበር፤ አሁን ግን ዕድሜ ልኩን ከአገሩ ወጣ። ራርተውለት ነበር እኮ!

ሽማግሌዎቹ ከሐይቁ ዳር ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። አንድ ቀን መንገደኛ መጥቶ «ምነው፣ ይሄ ሁሉ ሐይቅ ዓሣ የለውም?» ብሎ ጠየቃቸው። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራውን ወደ ወረዳው ቀሰረና «ምን እናድርግ ልጄ፤ ሕግ የሚያስከብር መንግሥት የለንም» አለው።

አንዳርጌ፣ ያ አገር የት ነው ብለህ አትጠይቀኝ፤ ከዚህ በር ወጥተህ ብታይ ታገኘዋለህ። እልፍኙ የኛ የተከለለ ውሃ ነው። ድንጋዩ «ስለ እኔ ብለህ» የምንላት ነገር ናት። ሹሙ ጥፋት አለበት፤ አልሸፍንለትም፤ ሰነፍ ነው፣ ጭብጨባ ይወዳል። ነገር ግን ሹሙ ዘንድ የሚደርስ ክስ መቼ ተገኘና? ከደጃፍ እየመለስነው! የኛን ያልሆነ በደል እየማርን፣ ደግ ተብለን፣ ዓሣውን በልተን፣ እጃችንን ታጥበን እንቀመጣለን። ያ ሁሉ ደግነት ለአንዲት ቆሮሶ አልደረሳትም፤ ነገ መረብ ይዞ ለሚወጣው ልጅህም አይደርሰውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ። አንተ በዚህ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበህ የመጣኸው ጥያቄ ልትጠይቀኝ ብቻ አይደለም። ከአጥሩ ውጭ ሁለት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ ዓይኔ ቢደክምም አያቸዋለሁ። የእህትህ ባል ትናንት ከተከለለው ውሃ ከነመረቡ ተይዟል፤ አገር ሰምቶታል። አንድ ሽማግሌ ጎድሏችሁ እኔን ልትጨምሩ ነው። ከዚያም ውሃችንን የሚጠብቀው ጎልማሳ ደጅ ላይ ልትቆሙበት ነው፤ እሱም ሴት ልጅ አለችው።

እኔ አልሄድም። ጋቢህን አውልቀህ ከተቀመጥክ ምሳ አብረን እንበላለን። ከሄድክም ሂድ፤ እጅህን አልይዝም። ብቻ ሕጉን ማን ገደለው ብለህ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ፤ ሰዎቹ ውጭ ቆመው እየጠበቁህ ነው።